የአክስቴ የዱቤ ደብተር እና የኔ ጆይን

አቦ ዳታቤዝ መማር የጀመርኩት ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው፣ ሁሉም ላይ ምሳሌው ተማሪ ኮርስ አስተማሪ ነው፣ ሁለት ወር አይቼ ምንም ጭንቅላቴ ውስጥ አልቀረም። የገባኝ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው የአክስቴ ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ስሞክረው ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲብስ ሱቁን ትዘጋና ትተኛለች፣ እኔ ደግሞ ላፕቶፔን ይዤ ፋን ስር ደብተሩን ወደ ኤስኪውላይት (ትንሽ የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው) እገለብጣለሁ።

መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ቴብል (ሰንጠረዥ) ውስጥ ከተትኩት፣ ስም ስልክ ዕቃ ብር ክፍያ ምናምን። አንዱ ሰውዬ አስራ አንድ ጊዜ ስለወሰደ ስሙን አስራ አንድ ጊዜ ጻፍኩ፣ እሱንም አምስቱ ላይ መሐመድ ስድስቱ ላይ መሀመድ ብዬ! ለኛ ያው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሐመሩ ሐ ሌላ ሃሌታው ሀ ሌላ ነው፣ በስም ስፈልገው ግማሽ ዕዳው የለም። እና ደግሞ ድሬ ላይ ስንት መሐመድ አህመድ አለ? መለያውን ስልክ ቁጥር ላድርገው አልኩ፣ ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ተመዝግበዋል።

መልሱ እዛው ደብተሩ ላይ ነበር። አክስቴ ለካ ስም አትጠራም፣ "የገጽ 14ቱ መጣ?" ነው የምትለው። ለያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ፣ ክፍያ ስትቀበል ደግሞ ብጣሽ ወረቀት ላይ ገጽ ቁጥሩንና ብሩን ብቻ ትጽፋለች። ፕራይመሪ ኪይ (እያንዳንዱን ሰው የሚለየው ቁጥር፣ እንደ ገጹ) እና ፎሪን ኪይ (ያው ቁጥር ሌላ ቴብል ላይ ሲጻፍ፣ እንደ ብጣሹ) ማለት እኮ ይሄው ነው፣ ኤድጋር ኮድ የሚባለው የአይቢኤም ሰውዬ በ1970 በፈረንጆቹ የጻፈውን እሷ በእስክሪብቶ እየሰራችበት ነው። እኔም ሶስት ቴብል አደረኩት፦ ደንበኛ፣ ዱቤ፣ ክፍያ። ቀሪ ዕዳ የሚል ኮለም (አምድ) ሆን ብዬ አላስገባሁም፣ ከሁለቱ ስለሚሰላ።

ከዛ ነው ጉዱ። ሶስቱን ጆይን አድርጌ (በደንበኛው ቁጥር አገናኝቼ)፣ በደንበኛ ግሩፕ ባይ (በየሰዉ ሰብስቤ)፣ የዱቤው ሰም (ድምር) ሲቀነስ የክፍያው ሰም፣ አለቀ ብዬ ለአክስቴ አሳየኋት። አንዱ ባጃጅ ነጂ ዕዳው ዜሮ ይላል።

"ሁለት መቶ ብር አለበት" አለችኝ ደብተሩን እንኳን ሳታይ።

እውነቷን ነው። ሶስት ጊዜ ወስዷል፣ 200፣ 150፣ 250፣ ድምሩ 600። ሁለት ጊዜ ከፍሏል፣ 100 እና 300፣ ድምሩ 400። ግን ዱቤና ክፍያ በደንበኛው በኩል ብቻ ስለሚገናኙ ጆይኑ እያንዳንዱን ዱቤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ያጋባዋል፣ ሶስት በሁለት ስድስት ሮው (መስመር)። ስለዚህ ዱቤው ሁለቴ ተደምሮ 1200፣ ክፍያው ሶስቴ ተደምሮ እሱም 1200። ኤረር የለ ምን የለ፣ ዝም ብሎ ዜሮ! ግሩፕ ባዩን አውጥቼ ስድስቱን ሮው በአይኔ ባላይ ኖሮ እስካሁን አይገባኝም ነበር፣ አሁን ማንኛውንም ሰም ከማመኔ በፊት መጀመሪያ ጥሬውን ሮው ነው የማየው።

ማስተካከያው ዱቤውን ለብቻ በደንበኛ ደምሮ፣ ክፍያውንም ለብቻ ደምሮ፣ ከዛ ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሮው ሲሆን ማገናኘት ነው።

በዛ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ምንም ያልከፈሉት ሰዎች ሊስቱ ላይ የሉም፣ አክስቴ ከሁሉም በላይ የምትፈልገው ደግሞ እነሱን። ሌፍት ጆይን (ክፍያ ባይኖረውም ደንበኛውን የማይጥለው ጆይን) አደረኩት፣ መጡ፣ ግን ዕዳቸው ባዶ፣ ምክንያቱም 300 ሲቀነስ ነል (ምንም ያልተጻፈበት ባዶ) ራሱ ነል ነው፣ 300 አይደለም። ኮአለስ በሚባለው ፈንክሽን ነሉን በዜሮ ስተካው ወጣ።

አሁን የቀረኝ ቀን ነው። ደብተሩ ላይ የካቲት 30 የሚል አለ፣ ጳጉሜ 3ም አለ፣ የፈረንጅ ካላንደር ደግሞ ሁለቱንም አያውቃቸውም። ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ላስገባና ለአክስቴ ሲወጣ ልመልሰው እያሰብኩ ነው፣ እሷ ግን "አንተ ልጅ ቀኑን ተወውና የገጽ 14ቱን ጥራልኝ" ብላኛለች።