16/14፦ ከእርጥበት ፐርሰንት ወደ ጤዛ ነጥብ

የአየር ሁኔታ ሪፖርት (ሜታር) ማንበብ የምትማሩ ሰዎች፣ አንድ ደረጃ ተሻግሬያለሁና ላካፍላችሁ። 16/14 የሚል ሳይ አዘዞ (የጎንደር አየር ማረፊያ) ላይ ያለው አየር ለጉም ምን ያህል እንደቀረበ መገመት ጀምሬያለሁ። ከእዝባሩ በፊት ያለው የአየሩ ሙቀት ነው። ቀጥሎ ያለው የጤዛ ነጥብ ነው፤ አየሩ እስከዚያ ቢቀዘቅዝ ተኑ ወደ ውሃ መለወጥ ይጀምራል።

ነፋሱና እይታው ብዙ አልከበዱኝም። ሰዓቱም ለእኛ ቀላል ነው፤ ሪፖርቱ ከሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ ሰዓት (ዙሉ) ላይ 3 ቀንሱ። 0600 ዙሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

የከበደኝ እርጥበቱ ነው። ስልኬ በፐርሰንት ይነግረኛል፣ ሜታሩ ውስጥ ግን ፐርሰንት የለም። ነገሩ የገባኝ የአንድ ቀን ሪፖርቶችን ደብተር ላይ ከላይ ወደ ታች ስጽፍ ነው። ጠዋት 16/14፣ ከሰዓት 24/14 ነው እንበል። ጠዋት እርጥበቱ ወደ 88 ፐርሰንት፣ ከሰዓት ወደ 54 ይሆናል። አየሩ ደረቀ ትላላችሁ። ግን አልደረቀም፤ የጤዛ ነጥቡ ያው 14 ነው። የጨመረው ሙቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ፐርሰንቱን ቢተወው ይሻለዋል ባይ ነኝ። በሙቀቱና በጤዛ ነጥቡ መካከል ያለውን ልዩነት ተከታተሉ።

ልዩነቱ ስለ ደመናም ይናገራል። ከመሬት የሚነሳ አየር በየ1,000 ጫማው 3 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የጤዛ ነጥቡ ግን ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ይወርዳል። በየ1,000 ጫማው 2.5 ዲግሪ ይቀራረባሉ ማለት ነው። 24/14 ላይ ልዩነቱ 10 ነው፤ ለ2.5 ሲካፈል ደመናው ከመሬት 4,000 ጫማ ገደማ ላይ ይጀምራል። ይህ የሚሠራው ፀሐይ አሙቃ ለምታስነሳው ክምር ደመና ነው። ሐምሌ ላይ ሰማዩን ለሚደፍነው ደመና አትጠቀሙበት።

እስካሁን የሚፈትነኝ ማጠጋጋቱ ነው። ቁጥሮቹ ሙሉ ዲግሪ ስለሆኑ 15/14 ሲል እውነተኛው ልዩነት ከ0.1 እስከ 1.9 ሊሆን ይችላል። አንዱ ጉም ደፍ ላይ ነው፣ ሌላው ገና ነው። በአንድ ሪፖርት አትፍረዱ። ከምሽት ጀምሮ ልዩነቱ እየጠበበ ከመጣ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ነፋሱም ከረጋ ያኔ ጉም ጠብቁ። በተለይ መስከረም ላይ፣ መሬቱ ክረምት የጠጣውን ውሃ ሳይጨርስ። ነፋሱ ጠንከር ካለ ግን ልዩነቱ ጠብቦም ጉሙ መሬት ላይ ላይተኛ ይችላል፤ ከፍ ብሎ ዝቅተኛ ደመና ይሆናል።

ሪፖርቱን በቀለም ተርጉመው የሚያሳዩ አፖችን አልወዳቸውም። ጥሬውን ጽሑፍ በእጅ መገልበጥ ይሻላል። የፐርሰንቱን ቀመር ግን እኔም አልያዝኩትም፤ ሰንጠረዥ ነው የማየው።

አሁን የያዝኩት ሌላ ጥያቄ ነው። እርጥብ አየር ከደረቅ አየር ይቀላል፤ የውሃ ሞለኪውል ክብደት 18 ሲሆን የደረቅ አየር አማካይ 29 ገደማ ነው። አዘዞ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ድሮውንም ስስ ነው። በክረምት እርጥበቱ አውሮፕላን ለመነሳት የሚያስፈልገውን የመንደርደሪያ ርቀት ስንት ይጨምራል? ያሰላችሁ ካላችሁ አሠራሩን አሳዩኝ።