«በመካከላቸው እሆናለሁ» የተባለው ስለ ምን ነበር?

ለጸሎት የመጣው ሰው ሲያንስ ቶሎ አፋችን ላይ የምትመጣ ጥቅስ አለች፦ «ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት በዚያ በመካከላቸው እሆናለሁና» (ማቴ. 18፥20)። ማጽናናቷስ ታጽናናለች። ከበላይዋ ካሉት አምስት ቁጥሮች ጋር ካልተነበበች ግን ግማሿ ይቀራል። ጌታ እዚያ ጋ የሚናገረው ስለ ተጣሉ ወንድማማቾች ነው።

ነገሩ ከቁጥር 15 ይጀምራል። የሚሄደው ተበዳዩ ነው፤ በዳዩ እስኪመጣ አይጠብቅም። መጀመሪያ ሁለቱ ብቻቸውን ይነጋገራሉ። በዳዩ አልሰማ ካለ ተበዳዩ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ ይመለሳል፤ ከተበዳዩ ጋር ሲቆጠሩ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናሉ። ይህ በዘዳግም 19፥15 ነገር የሚጸናበት የምስክር ቁጥር ነው። ያም ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ጴጥሮስም ወዲያው «ስንት ጊዜ ልተውለት?» ብሎ መጠየቁ ነገሩ የይቅርታ መሆኑ ስለገባው ነው።

በእኛ ዘንድ የሚበላሸው የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ሽምግልና የለመድን ሰዎች ስለሆንን ወደ ሽማግሌ እንሮጣለን፤ ከዚያም በፊት ወሬው በማኅበሩና በቴሌግራሙ ተዳርሷል። በዳዩ ጥፋቱን ከሌላ አፍ ሲሰማ የሚቀድመው ራሱን መከላከል ነው፤ ይቅርታ ሊጠይቅበት የነበረውን በር ኀፍረት ይዘጋዋል። ሽማግሌ መልካም ነው፣ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። (የሚደበደብን ሰው «ብቻህን ሂድና አናግረው» ማለት ግን በጥቅሱ ሌላ በደል መፈጸም ነው፤ እንዲህ ያለው ከመጀመሪያውም ብቻውን መሄድ የለበትም።)

ሥርዓተ ቅዳሴው ይህን አጥብቆ ይዟል። ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» (እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን) ብሎ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» (ከመንፈስህ ጋር) ከማለቱና ፍሬ ቅዳሴው፣ ዋናው የቅዳሴ ክፍል፣ ከመጀመሩ በፊት ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ይላል፤ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ማለት ነው። «መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ» የሚለው የማቴ. 5፥24 ቃል በሥርዓት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን አጠገባችን ላለው ሰው ጎንበስ ብለን እናልፋለን። የተጣላነው ሰው ግን ከኋላችን፣ ዓምዱ ሥር ቆሟል።

ካህን ብቻውንም አይቀድስም፤ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋሉ። በኅብስቱና በጽዋው ላይ መንፈስ ቅዱስ እንዲወርድ ከተለመነ በኋላ የሚዜመውስ ምንድን ነው? «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ፣ ወፈውሰነ።» በመንፈስህ አንድ እንሆን ዘንድ ስጠን፣ ፈውሰንም። አንድነቱ ከፈውሱ ቀድሞ ይለመናል።

ዮሐንስ 1፥14 «ቃልም ሥጋ ሆነ… በእኛ አደረ» ይላል። የግሪኩ ግስ ድንኳን መትከልን ያመለክታል፤ በዘጸአት 40 ደመና የሸፈነውን፣ ክብር የሞላውን ድንኳን ያስታውሳል። አማርኛው «አደረ» ማለቱ እጅግ ያምራል፤ ብቅ ብሎ የተመለሰ እንግዳ አደረ አይባልም። ስለዚህ የእግዚአብሔርን መገኘት በዝማሬ ሰዓት በሚሰማን ሙቀት ብቻ መለካት ያሳስታል። ሙቀቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እርሱ ግን ያደረ ነው።

የት አደረ ለሚል ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደ ሆናችሁ… አታውቁምን?» ብሎ ጽፏል (1ቆሮ. 3፥16)። «ሆናችሁ» ነው የሚለው፤ ሰዎቹ ብዙ፣ ቤተ መቅደሱ አንድ። ቀጥሎ ቤተ መቅደሱን የሚያፈርስ ይፈርሳል ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ከምዕራፉ መጀመሪያ አንሥቶ ሲወቅስ የነበረውም «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» የሚለውን መከፋፈል ነው።

በዚያው መልእክት በምዕራፍ 11 መከፋፈሉ ማዕዱ ድረስ ገብቶ እናገኘዋለን። እያንዳንዱ የራሱን እራት ቀድሞ ይበላል፤ አንዱ ይራባል፣ አንዱ ይሰክራል፣ ምንም የሌላቸው ያፍራሉ። ጳውሎስ «የጌታን እራት ለመብላት አይደለም» እስከማለት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ያዘዛቸው ለማንም የማይከብድ ነገር ነው፦ «ለመብላት በተሰበሰባችሁ ጊዜ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ»፤ የራበው ቢኖር በቤቱ ይብላ።