የደብረ ብርሃን ብርድና የንብ ዓይን

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የባቄላ ማሳ ዳር ተንበርክኬ አንድ ንብ ሳነሣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ንቡ የቀፎ ንብ አልነበረም፤ ብቻቸውን ከሚኖሩት ወገን ነው። የእነዚህ ንቦች ወንዶቹ የሚገቡበት ቀፎ ስለሌላቸው፣ ብዙዎቹ የሣር አገዳ ወይም ቀጭን ጭራሮ በመንጋጋቸው ነክሰው፣ እግራቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው ያድራሉ። የእኔውም እንዲሁ አድሮ፣ ጀርባው ላይ ያለው ጠጉር ሁሉ ጤዛ ተሸክሞ ነበር።

የነፍሳትን ፎቶግራፍ በቅርበት ማንሣት የሚፈልጉ ወዳጆቼ በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ የሌንሱን ዓይነት ነው። ከሌንሱ አስቀድሜ የማነሣው ግን የሰሜን ሸዋን ብርድ ነው። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት በአመዛኙ የሚያገኙት ከአካባቢያቸው በመሆኑ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ሌሊቱን የቀዘቀዘ ንብ፣ ቢራቢሮ ወይም ፌንጣ ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስ መብረር አይችልም። ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ ገና ሲነጋ ነፍሳቱ ነቅተው ይጠብቁናል፣ አንዲት ዝንብ ለማንሣት እንኳ ግማሽ ቀን መሮጥ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰዎች ነፍሳትን በማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው ካደነዘዙ በኋላ እንደሚያነሡ አውቃለሁ። እኔ አላደርገውም፤ ደጋው ራሱ ይህን ሥራ በየሌሊቱ ያለ ጉዳት ይሠራልና። ከመስከረም አጋማሽ፣ አደይ አበባ ሜዳውን ከሸፈነበት ጊዜ ጀምሮ ውርጩ እስኪጠነክር ያሉት ሳምንታት ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ወቅት ናቸው።

ብርዱ ነፍሳቱን ካቆመልን በኋላ የሚቀረው ችግር የጥራቱ ነው፤ በዚህ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስቼአለሁ። ካሜራው በቅርብ ሲያነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል በጣም ቀጭን መሆኑን አውቅ ስለነበር፣ እሱን ለማወፈር ብዬ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያልፍበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ እስከመጨረሻው አጥብቤ በኤፍ 32 አነሣ ነበር፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባልና። ፎቶዎቹ ሁሉ ከጭጋግ በስተጀርባ የተነሡ ይመስሉ ነበር። ሌንሱ የተበላሸ መስሎኝ በብዙ ገንዘብ ሌላ ገዛሁ፤ አዲሱም ያንኑ አደረገ። ጥፋቱ የሌንሱ አልነበረም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ባለሙያዎች ዲፍራክሽን ይሉታል፤ በማክሮ፣ ማለትም እንዲህ በቅርበት ሲነሣ፣ ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። ምክንያቱም በ1 ለ 1 መጠን፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ በሴንሰሩ ላይ ልክ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሲያርፍ፣ የሌንሱ ቀዳዳ በተግባር ከተጻፈው ቁጥር እጥፍ ጠብቦ ይሠራል። ኤፍ 11 ብለን የሞላነው እንደ ኤፍ 22፣ ኤፍ 32 ያልነውም እንደ ኤፍ 64 ይሆናል። ዛሬ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ካለው ብዙም አልወጣም።

ይህ ማለት ቀጭኑን ጥራት ተቀብሎ መሥራት ነው። ሴንሰሩ ሰፊ በሆነ፣ ፉል ፍሬም በሚባል ካሜራ፣ በ1 ለ 1 መጠንና በኤፍ 8፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መጠኑን ወደ 2 ለ 1 ካሳደግነው ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የቀፎ ንብ ጭንቅላት ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ ያቺን አንድ ሚሊ ሜትር የት እንደምናውላት አስቀድመን መወሰን እንዳለብን ግልጽ ነው። እኔ ሁልጊዜ ዓይኑ ላይ አውላታለሁ። የሠራተኛ ንብ አንድ ዓይን 5,000 ገደማ ከሚሆኑ ጥቃቅን ሌንሶች የተሠራ ነው፤ በእነዚያ ሌንሶች መካከልም ጠጉር ይበቅላል። ያ ጠጉር አንድ በአንድ ከታየ ክንፉና እግሩ ቢደበዝዝ ማንም አይቀየምም፤ ዓይኑ ከደበዘዘ ግን ሌላው ሁሉ ጥርት ቢል ፎቶው የሞተ ነው። ከጎን ሲያነሡ ደግሞ የካሜራው ፊት ከነፍሳቱ አካል ጋር ትይዩ እንዲሆን ማድረግ ያችኑ ቀጭን ጥራት ከዓይን እስከ ክንፍ ጫፍ ያዘረጋታል። ከየትኛውም ውድ ዕቃ በላይ ይህ አቋቋም ለውጥ ያመጣል።

በዚህ ርቀት አውቶ ፎከስ፣ ማለትም ካሜራው ጥራቱን በራሱ እንዲያገኝ መተው፣ አያዋጣም። ሌንሱን በማኑዋል በምፈልገው መጠን ላይ ካቆምኩ በኋላ ቀለበቱን አልነካም፤ ጥራቱ ዓይኑ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ራሴ በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እላለሁ፣ ትንፋሼን አውጥቼ ስጨርስም እጫናለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን የግራ እጅ ነው። ነፍሳቱ ያረፈበትን የሣር አገዳ ከሥሩ ከፍ ብሎ በግራ እጄ ሁለት ጣቶች በዝግታ እይዝና የሌንሱን አፍ በዚያው እጅ መዳፍ ላይ አሳርፋለሁ። በዚህ ጊዜ ነፋስ ቢነፍስም፣ እኔ ብንቀጠቀጥም፣ ካሜራውና አገዳው አብረው ስለሚንቀሳቀሱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። አገዳውን ስንይዝ ጥላችን ነፍሳቱ ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ብቻ ነው፤ የደነዘዘ ፌንጣ እንኳ ድንገተኛ ጥላ ሲያይ ራሱን ይለቅና ሣር ውስጥ ይወድቃል።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ የደጋ ፀሐይ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ ጨካኝ ናት፤ የጥንዚዛን ጀርባ ወደ አንድ ነጭ ነጥብና ወደ አንድ ጥቁር ጥላ ትከፍለዋለች። ስለዚህ የምሠራው በፍላሽ ነው። ፍላሹ በ1/16 ወይም በ1/32 ኃይሉ ሲሠራ ብልጭታው የሚቆየው ከ1/5,000 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ ሻተሩ፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ፣ 1/200 ሰከንድ ላይ ቢሆንም እንቅስቃሴውን የሚያቆመው ብልጭታው ነው። ባዶው ፍላሽ ግን ከፀሐዩ አይሻልም፤ ብርሃኑ ሰፍቶና ለስልሶ መምጣት አለበት። ብዙ ነገር ሞክሬ በመጨረሻ የተስማማኝ ከአሮጌ ነጠላ የቆረጥኩት ጨርቅ ነው። ጨርቁን ደርቤ በቀጭን ሽቦ ላይ ወጠርኩትና ከሌንሱ አፍ በላይ እንደ ጣሪያ እንዲዘረጋ አደረግሁት። ለነፍሳቱ ሲታይ ሰፊ ደመና ከላዩ እንደመጣ ነው። ከዚያ በኋላ የጥንዚዛው ጀርባ ነጭ ነጥቡን ትቶ አረንጓዴውንና ነሐስ መሳዩን ቀለም፣ በላዩ ያሉትንም ጥቃቅን ጉድጓዶች ሰጠኝ። ድርብ ጨርቅ ብርሃን ስለሚበላ አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ወደ 400 ከፍ አደርጋለሁ፤ ኋላው ጥቁር እንዳይሆንም ቅጠል ቅርብ አድርጌ አቆማለሁ።

በዚያው ማሳ ሌላ ቀን ባቄላው ላይ የሰፈረውን ጥቃቅን ተባይ፣ ክሽክሽን፣ ሳነሣ የማሳው ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላዬ ቆሙ።

«ልጄ፣ በዚህ ብርድ ምን ጠፍቶህ ነው?»

«የጠፋኝስ የለም አባቴ። ይህን ክሽክሽ ፎቶ እያነሣሁ ነው፤ ይመልከቱት።»

የካሜራውን መስታወት አቀረብኩላቸው። ቁመቷ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም የማትበልጥ አንዲት ክሽክሽ መስታወቱን ሞልታ ትታያለች፤ ከኋላዋ ደግሞ እግሮቿን ገና ያልዘረጋች ሌላ ትንሽ ክሽክሽ ተንጠልጥላለች።

«ይህቺስ ትንሿ?»

«እየተወለደች ነው። እንቁላል ሳትጥል ነው የምትወልዳት።»

ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። «እንግዲያውስ ዛሬ አንድ ሁለት ያየሁት በሳምንቱ ማሳውን የሚሞላው በዚህ ነው» አሉና ወደ ባቄላው ጎንበስ ብለው በባዶ ዓይናቸው ይፈልጓት ጀመር። ይህን ሥራ የምወደው እንዲህ ላሉት ጊዜያት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲታገሉት የኖሩትን ነገር ፊቱን ለማየት የበቁት ጥራቱ ስለተገኘ ነው፤ ደብዛዛ ቢሆን ኖሮ አረንጓዴ ነጠብጣብ ብቻ ባዩ ነበር።

ስለ ዕቃው በአጭሩ ልናገር። የማክሮ ሌንስ ከተገኘ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ይመረጣል፤ ከነፍሳቱ ራቅ ብሎ ለመሥራት፣ ለፍላሹም ቦታ ለማግኘት ይረዳልና። ካልተገኘ ግን በተራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና በካሜራው መካከል የሚገባ፣ በውስጡ መስታወት የሌለው ኤክስቴንሽን ቱዩብ ይበቃል፤ የቱዩቡ ርዝመት 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን 1 ለ 1 ይሰጣል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን በደረት ኪሴ እይዛለሁ። ከማሳው ተመልሼ እሳት ወደሚነድበት ቤት ስገባም ካሜራውን ከቦርሳው ሳላወጣ አቆየዋለሁ፤ የቀዘቀዘው ሌንስ የቤቱን እርጥበት ስቦ በላብ ይሸፈናልና።

ወደ ጠዋቱ ንብ ልመለስ። ፀሐይ ገና ስላልደረሰችበት፣ ከአንቴናው ጫፍ እስከ ዓይኑ ጀርባ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ እየተጠጋሁ 27 ፎቶ አነሣሁ፤ እነዚህ በኋላ በኮምፒዩተር ላይ እየተደራረቡ ከእያንዳንዱ ጥርት ያለው ክፍል ተወስዶ አንድ ምስል ይሆናሉ። ይህን ማድረግ የሚቻለው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው፤ አንቴናው አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ ድርድሩ ይበላሻል። ሃያ ሰባተኛውን እንደጨረስኩ ብርሃኑ ሣሩ ላይ ወረደ። ጤዛው መትነን ሲጀምር የንቡ ሆድ ቶሎ ቶሎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይል ጀመር፤ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ የበረራ ጡንቻዎቹን እያርገበገበ ራሱን ማሞቁ ነበር። ፍላሹን አጠፋሁ። አገዳውን ከመንጋጋው ለቀቀ፣ ዓይኑን በፊት እግሩ ጠረገ፣ ወደ ባቄላው አበባ በረረ። አገዳው ላይ፣ ሌሊቱን ነክሶ ባደረበት ቦታ፣ ሁለት ጥቃቅን ቅርጸቶች ቀርተው ነበር፤ እነሱንም ጥራቱን እዚያው ላይ አሳርፌ አነሣኋቸው።