ቴስታታ ጋርኒሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት ብሎኩን ለኩ

ብሎክ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል) ፊቱ በማሽን ከተላገ በኋላ አሮጌውን ጋርኒሲዮን (በብሎኩና በላዩ በሚከደነው ቴስታታ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ይዞ ሱቅ በመሄድ "እንደዚህ ያለ ስጠኝ" ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ብሎኩ ቁመቱ ቀንሷል፤ የድሮው ጋርኒሲዮን የተመረጠው ለድሮው ቁመት ነበር።

የብሎክ ቁመት የሚባለው ከኮሎው (ከክራንክሻፍቱ) መሐል እስከ ብሎኩ የላይኛው ፊት ያለው ርቀት ነው። እዚህ ርቀት ውስጥ የምቱ (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘው ርቀት) ግማሽ፣ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው የቢየላው ርዝመት፣ ፒስተኑን ከቢየላው ጋር ከሚያያይዘው ከስፒኖቶው መሐል እስከ ፒስተኑ አናት ያለው ልክ ይደረደራሉ። በቤንዚኑ ሼቭሮሌ 350 ብሎኩ 229.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሦስቱ ተደምረው 228.6 ስለሚመጡ ፒስተኑ 0.6 ሚሊ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ግን ፒስተናቸው ከብሎኩ ፊት በላይ ብቅ ይላል፤ ጣጣውም የሚበዛው እዚያ ነው።

በሚኒባስና በፒክአፕ ላይ የምናውቀውን ባለ 2.8 ሊትሩን ቶዮታ 3ኤል እንውሰድ። ፋብሪካው ጋርኒሲዮኑን በሦስት ውፍረት ሠርቶ ፊደል አትሞበታል። ፒስተኑ ከ0.68 እስከ 0.77 ሚሊ ብቅ ካለ ቢ (1.40–1.50 ሚሊ)፣ ከ0.78 እስከ 0.87 ከሆነ ዲ (1.50–1.60)፣ ከ0.88 እስከ 0.97 ከሆነ ኤፍ (1.60–1.70) ይገባል። ስታሰሉት በሦስቱም ፒስተኑና ቴስታታው መካከል 0.7 ሚሊ አካባቢ ይቀራል። ፊደሎቹ የተዘጋጁት ይህ ክፍተት እንዳይለወጥ ነው።

አሁን 0.75 ብቅ ይል የነበረ ሞተር ብሎኩ 0.10 ተላገ እንበል። ብቅታው 0.85 ይሆናል። ዲ ከገባ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ቢ ከተመለሰ ግን ክፍተቱ ወደ 0.60 ይወርዳል። የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ስለሆነ እያንዳንዱ 0.10 ሚሊ 0.72 ሲሲ ይወስዳል፤ ኮምፕሬሽኑም (አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ የሚያሳየው ቁጥር) ከ22.2 ወደ 22.7 ይወጣል። 0.20 ከሆነ 23.2 ይደርሳል። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ክፍተቱ ነው፤ ሞተሩ ሲግል፣ ብሮንዚናው (የቢየላው ኩሽኔታ) ሲላላ፣ ካርቦን ሲጋገር ፒስተኑ ቴስታታውን መምታት ሊጀምር ይችላል። ብቅታው ከ0.97 ካለፈ ደግሞ ከኤፍ የሚወፍር የፋብሪካ ጋርኒሲዮን የለም።

ለጥንቃቄ ብሎ ሁልጊዜ ኤፍ ማስገባትም አያዋጣም። ኮምፕሬሽኑ ይወርድና ጠዋት ማስነሳት ይከብዳል፣ ነጭ ጭስ ይበዛል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ብርዳማና አየሩ ስስ በሆነ ደጋ ላይ ይህ ወዲያው ይታወቃል።

አለካኩ እንዲህ ነው። የብሎኩን ፊትና የፒስተኑን አናት ከካርቦን አጽዱ። ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን የቁመት ልዩነት የሚያሳየውን ባለ መርፌ መለኪያ) ብሎኩ ላይ አቁሙና ዜሮ አድርጉ፤ ከዚያ ጫፉን ፒስተኑ ላይ አሳርፋችሁ ኮሎውን ወዲያና ወዲህ በማዞር ከፍተኛውን ንባብ ያዙ። በእያንዳንዱ ፒስተን በስፒኖቶው አቅጣጫ ከፊትና ከኋላ ሁለት ቦታ ለኩ፤ በጎን በኩል ከለካችሁ ፒስተኑ ስለሚወዛወዝ ንባቡ ያታልላል። አራቱንም ለክታችሁ በትልቁ ቁጥር ምረጡ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ ቢየላው መታጠፉን ጠርጥሩ፣ በተለይ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ውሃ ስቦ ከነበረ። ንባቡ ከአንደኛው ወደ አራተኛው እያደገ ከሄደ ብሎኩ ተዛብቶ ተልጓል፤ ማሽኑ ላይ ሲታሰር ከኮሎው ማረፊያ ጋር ትይዩ አልነበረም ማለት ነው።

የቴስታታ መላግ ግን በዚህ ልኬት አይታይም። ዳያል ጌጁ የሚያየው ብሎኩን ብቻ ነው፤ ቴስታታው በተላገ ቁጥር ቫልቮላዎቹ (አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ቫልቮች) ወደ ፒስተኑ ይቀርባሉ። ስለዚህ ቫልቮላው ከቴስታታው ፊት ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ለክቶ መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። የታይሚንግ ቺንጋም (ኮሎውን ከካምሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ) ትንሽ ይረግባል፣ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው የካምሻፍቱ ጊዜም በጥቂቱ ይዘገያል። የፊት ሽፋናቸው ከቴስታታው ሥር በሚገጥም ሞተሮች ላይ ደግሞ ብሎኩ ተልጎ ሽፋኑ ሳይላግ ከቀረ ቴስታታው በደንብ አያርፍም፣ ዘይት ያፈሳል።

ጥርጣሬ ካለ 1.5 ሚሊ የሆነ የስታኞ (ለብየዳ የሚውል ለስላሳ ብረት) ሽቦ ፒስተኑ ላይ በስፒኖቶው አቅጣጫ፣ ከቫልቮላዎቹ ራቅ አድርጋችሁ በግራሶ አጣብቁ። ተመሳሳይ ፊደል ያለው ያገለገለ ጋርኒሲዮን አስገብታችሁ ቡሎኖቹን በልካቸው አጥብቁ፣ ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር አዙሩ፣ ፍቱና የተጨፈለቀውን ሽቦ በማይክሮሜትር ለኩ። ከ0.7 በጣም ካነሰ አዲሱን ጋርኒሲዮን ገና አታስገቡ።