ዲስክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ

እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስ ናት። ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትስባለች። ባለቤቷ አንድ ጋሼ ናቸው፤ ገና ጎማ ሳላወርድ "ዲስክ ግጠምልኝ" አሉኝ። የፍሬን ዲስክ ማለታቸው ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ሳህን፣ ካሊፐሩ በፓድ ከሁለት ወገን ነክሶ የሚያቆመው። ልጃቸው ከአሜሪካ ዕቃውን በሻንጣ ልኮላቸዋል።

አውርጄ አሳየኋቸው። ያለው ታምቡር ነው፤ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ ይይዘዋል። ሸራውን የሚገፋው የቀኙ ሲሊንደር ያፈሳል። ሸራው ዘይት ጠጥቷል፤ የሚይዘው የግራው ብቻ ነው።

"ሲሊንደርና ሸራ እንቀይር፣ ታምቡሩን ቶርኖ ቤት እናስተካክለው። ይበቃዎታል።"

"በዚህ ዘመን ታምቡር? ቁልቁለት ላይ ሲግል ማን ያቆምልኛል?"

እውነት አላቸው። ከእንጦጦ ሲወረድ ታምቡር ይግላል፣ ቢረግጡትም ይደክማል። ዲስክ ንፋስ ያገኛል። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣት ባለ 1500 ቮልስ ከፊት ዲስክ ገጥሟል። ስለዚህ አልተከራከርኩም፤ "እሺ፣ ግን ማስተሩም ይቀየር" አልኩ፤ ፔዳል ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ማለቴ ነው። ሻንጣው ውስጥ ማስተር የለም። "ያለው አምና የተገዛ አዲስ ነው" ብለው መኪናዋን ይዘው ወጡ።

ሌላ ጋራዥ ገጠመላቸው። ስም አልጠራም፤ ከእኛ ግቢ ጮክ ብንል ይሰማሉ።

ብዙም ሳይቆይ ተደወለልኝ። ቮልሷ መንገድ ላይ ቆማለች፣ የፊት ጎማዎቿ ግለው አያስነኩም። ሄጄ የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ትንሽ ፈታ አደረግኩት። ዘይቱ ተፈናጥሮ ወጣ፣ ጎማው በእጅ ዞረ። የታምቡር ማስተር እኮ መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ታምቡር ላይ ሸራውን የሚመልስ ሞላ ስላለ አይጎዳም። ዲስክ ሞላ የለውም፤ ፓዱ እንደነከሰ ይቀራል።

"ይህን ለምን አልነገርከኝም?" አሉ።

"ነግሬዎታለሁ እኮ ጋሼ።"

"አንተ የነገርከኝ ስለ ታምቡር ነው።"

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያን ሁሉ ስለ ሸራና ስለ ቶርኖ ያወራሁትን አንድም ሳይቀር ይዘውታል። የማስተሩ ነገር ብቻ በዚህ ጆሮ ገብቶ በዚያ ወጣ። ደግሞ የተቆጡት ማን ላይ ነው? በገጠመው ሳይሆን በእኔ!

ማስተሩን ቀይሬ ቁልፍ ሳስረክባቸው፣ ጥግ የቆመችውን የእኔን ቮልስ ጎንበስ ብለው በቸርኬዋ ቀዳዳ አዩ።

"ያንተስ ምንድን ነው?"

"ዲስክ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቅናሽ ጠየቁ። አደረግኩላቸው።