በእርግብግቢት በኩል

ዛሬ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አልትራሳውንድ ስሠራ ዋልኩ። አንዷ እናት ጄሉን ልቀባ ስል «ዶክተር፣ እርግብግቢቱን እንዳይነኩብኝ!» ብላ እጄን ያዘችው። አልፈረድኩባትም፣ እዚያ ቦታ ላይ ቅቤ እንጂ ማሽን መች እናውቃለን 😄 ግን የጨቅላን አንጎል የምናየው በዚያው ክፍተት ነው፤ አጥንቱ ገና ስላልገጠመ የድምፅ ሞገዱ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ጨረር የለው፣ ማደንዘዣ የለው፣ ልጁ ከፈለገ ጡቱን እየጠባ ይታያል። ሕብለ ሰረሰሩም እንደዚያው፣ የአከርካሪው አጥንት ሳይጠነክር።

የዚህኛው ልጅ ጀርባ ላይ ክፍተት አለ። አንጎሉ ውስጥም ውሃው ተጠራቅሞ ክፍሎቹን ለጥጧቸዋል። ለነርቭ ቀዶ ሕክምና ጻፍንለት።

«ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ምንም! ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ችግሩን በብዙ ይቀንሳል፣ ግን ከማርገዝ በፊት መጀመር አለበት። ለእሷ የሰጧት የእርግዝና ክትትል ስትጀምር፣ በአራተኛ ወሯ ነው። ጀርባው የሚገጥመው ደግሞ በመጀመሪያው ወር! ቀኑን ሙሉ ሲያበሳጨኝ የዋለው እሱ ነው።