ያ በሬ ዛሬም አልታረደም?

ባለፈው ቅዳሜ ከታች ፎቅ የሚኖሩት እማማ ደረጃው ላይ ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ ትናንት ማታ የከፈትከው ሬዲዮ ደስ ይላል። የትኛው ጣቢያ ነው?» አሉኝ። እኔ ሬዲዮ የለኝም። የሰሙት እኔን ነው፣ ሳክስፎን ስለማመድ። ለእናንተ ምንም ላይመስል ይችላል። እኚሁ እናት ግን የዛሬ ዓመት ገደማ እዚያው ደረጃ ላይ አስቁመው «ያ በሬ ዛሬም አልታረደም?» ብለውኝ ነበር። ከበሬ ወደ ሬዲዮ! ይቺን ሳላካፍል እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለማታውቁኝ፦ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቴነር ሳክስፎን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መሣሪያውን የገዛሁት የሠርግ ባንድ ትቶ ሌላ ሥራ ከጀመረ ሰው ነው፣ ያገለገለ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት እንደ ሁላችሁም ናቸው። ከንፈር ይላጣል፣ ጉንጭ ይዝላል፣ ቤተሰብ ይታገሳል። አንድ ነገር ብቻ ልናዘዝ። ሪድ ማለት አፍ መያዣው ላይ የምትታሰረው፣ ስንነፋ እየተንቀጠቀጠች ድምፅ የምትሰጠው ቀጭን የሸምበቆ ስንጣሪ ናት፤ ቁጥሯ ሲጨምር ትጠነክራለች። «ትልልቆቹ የሚነፉት ጠንካራ ሪድ ነው» ሲባል ሰምቼ በ3 ቁጥር ጀመርኩ። ሦስት ወር ሙሉ ንፋስ ብቻ አወጣሁ። በ2 ጀምሩ። ማንም መጥቶ የሪዳችሁን ቁጥር አያይም።

ሌላም ምክር አለኝ። ቦርሳውን ይዛችሁ ስትሄዱ ፍተሻ ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» ከተባላችሁ «መሣሪያ ነው» ብላችሁ አትመልሱ። እኔ ብያለሁ። መገናኛ ላይ ታክሲ ሙሉ ሰው እያየኝ ሳክስፎኑን ገጣጥሜ አንድ ስንኝ ትዝታ እስክነፋ ድረስ አልተለቀቅኩም። ፈታሹ መጨረሻ ላይ «ገና ነህ» አለኝ።

የኔ ትልቁ ችግር ግን የጣትም የኖታም አልነበረም። የቦታ ነበር። የኛን ግድግዳ ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ሽንኩርት ሲከትፍ ይሰማል። ቴነር ደግሞ ቀስ ብሎ መናገር አያውቅም። በተለይ ለጀማሪ። ወይ ይጮሃል ወይ ዝም ይላል። ሰው ከሥራ ሳይገባ እንዳልነፋ እኔም ሥራ ላይ ነኝ። ማታ እንዳልነፋ ሕፃናት ይተኛሉ።

የአሜሪካዊውን የጃዝ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች የሶኒ ሮሊንስን ታሪክ ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ስሙ ገንኖ ሳለ መድረኩን ተወው። ኒውዮርክ ውስጥ የሚኖርበት አፓርታማ ላይ ነፍሰ ጡር ጎረቤት ነበረችው። እሷን ላለመረበሽ ቴነሩን ይዞ ዊሊያምስበርግ ድልድይ ላይ ወጣ። እስከ 1961 ድረስ ባቡርና መኪና እያለፈ፣ ብርድ ሲሆንም ሙቀት ሲሆንም እዚያ ነፋ። ይሄን ሳነብ ስለ ጥበብ አላሰብኩም። ያሰብኩት «ለካ እሱም ጎረቤት አለበት» የሚለውን ነው።

እኛ ሰፈር ድልድይ የለም። ካባ ግን አለ። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ባህር ዛፉን ስታልፉ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ ታገኛላችሁ። እሑድ ጠዋት ከብት ከሚጠብቁ ሁለት ሦስት ልጆች በቀር ሰው የለም። መጀመሪያ ቀን አንዲት ረጅም ድምፅ ነፋሁ። ካባው መለሰልኝ። የኔው ድምፅ ድንጋዩን መትቶ፣ ወፍሮና አምሮ ተመለሰ። ነፍሱን ይማርና፣ ጌታቸው መኩሪያን የሆንኩ መሰለኝ። ጌታቸው ሳክስፎን ከመያዙ በፊት ክራርና መሲንቆ ነው የተጫወተው። በኋላ ሽለላን እንዳለ አምጥቶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው፤ መድረክም ላይ ጎፈር ለብሶ ይወጣ ነበር። እኔም በሰማሁት መጠን ሽለላ ሞከርኩ። ልጆቹ ዱላቸውን ወደ ላይ እያነሱ «ዘራፍ!» አሉ። ከዚህ በላይ ምን ታዳሚ አለ?

ስድስት ወር እሑድ እሑድ ካባ ሄድኩ። ከዚያ መምህሬ ዘንድ ቀረብኩ። ጋሼ ነው የምለው። በሳምንት ሦስት ሌሊት ሆቴል ይሠራል፣ ቀን ያስተምራል። ቤቱ ኮተቤ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ወፍራም ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ መጋረጃ አለው። ያለ የሌለ ትዝታዬን ነፋሁለት። ስጨርስ ዝም አለ። ቡናውን አነሳ፣ ፉት አለ፣ አስቀመጠ።

«ካባውን ይዘኸው መምጣት ነበረብህ» አለኝ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ለረዳቱ ሂሳብ ሁለቴ ከፈልኩ። ጋሼ ግን ልክ ነበር። የገደል ማሚቶ ደግ ነው። ትንፋሽህ ሲቆራረጥ ክፍተቱን ይሞላልሃል። ድምፅህ ከቃናው ሲወጣ ካለፈው ድምፅ ጋር ቀላቅሎ ይሸፍንልሃል። እኔ ስድስት ወር ድንጋይ ሳዳምጥ ከረምኩ እንጂ ራሴን አልሰማሁም። መታጠቢያ ቤት ገብታችሁ የምትለማመዱ ሁሉ፣ እናንተንም ነው የምለው።

«ቁም ሳጥን አለህ?» አለኝ ጋሼ።

«አለኝ።»

«ክፈተውና ልብሱ ውስጥ ንፋ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማታ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ሁለት ጋቢ፣ የባለቤቴ ቀሚሶች፣ የኔ የክረምት ካፖርት። የሳክስፎኑን ድምፅ የሚወጣበት ሰፊ አፍ በጋቢውና በካፖርቱ መሐል አስገብቼ ነፋሁ። ድምፁ ከወጣበት ሳይርቅ ሞተ። ተከትሎት የሚመጣ የለም፣ የሚያሳምረው የለም። የሰማሁት የኔን ትንፋሽ ነው። እንደ ካርቶን ደረቅ፣ እንደ ቀጭን ሽቦ የሚንቀጠቀጥ። ይቅርታ አድርጉልኝና ልቅሶ ደርሶብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የኔ ልምምድ ይሄው ነው። አንድ ድምፅ እይዛለሁ፣ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፣ ከዚያ እስከ ሃያ። ስልኬን ካፖርቱ ኪስ ላይ አጋድሜ ቃና መለኪያ አፑን አያለሁ፤ ድምፁ ልክ ሲሆን መርፌው መሐል ላይ ይቆማል። የመሐሉ ሬ ገደለኝ። ቴነር ላይ ይቺ ድምፅ በተፈጥሮዋ ወደ ላይ መውጣት ትወዳለች። መርፌው ሽቅብ ይሮጣል፣ እኔ መንገጭላዬን አጥብቄ ስነክስ ይብስበታል። መፍትሔው መንከስ ሳይሆን መልቀቅ ነበር። አፍን ከውስጥ «ኦ» እንደሚል ሰው ከፈት ማድረግ፣ ጉሮሮን ማላላት። ይቺን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። ለማግኘት ሦስት ወር ፈጀብኝ። ባለቤቴ «ቀሚሴ ጃዝ ተማረ፣ አንተ ገና ነህ» ትለኛለች። እማማም ስለ በሬው መጠየቅ ያቆሙት በዚያ ሰሞን ነው። ጋቢው ሁለቱንም ጠቀመ፤ ለሳቸው ድምፁን ቀነሰ፣ ለኔ እውነቱን ነገረኝ።

ስለ አፍ መያዣውም ሳልናዘዝ አላልፍም። ማውዝፒስ በመቀያየር ድምፅ አይገኝም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እኔ ግን የሁለት ወር የቤት ኪራይ የሚያህል አውጥቼ ከአሜሪካ በዘመድ አስመጥቻለሁ። ታላቁ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ጆን ኮልትሬንም ማውዝፒስ ሲቀያይርና ሲያስሞርድ ነው የኖረው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ልዩነቱ ኮልትሬን ቀኑን ሙሉ ይለማመድ ነበር። የኔ አዲሱ ማውዝፒስ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማጀቢያ የሚያጫውቱ አፖችንም አልወዳቸውም። ከበሮውና ቤዙ ሲሞቅ ሰው ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ሌላ ካባ ናቸው።

ከጋሼ የተማርኩት ግን ስለ መንፋት ብቻ አይደለም። የጃዝ ሰው ሕይወት ማለት ለኔ ጭስ፣ ውስኪና መነጽር ነበር። ጋሼ ሥራ ላይ አይጠጣም፤ ከንፈር ያደርቃል ይላል። አንድ ጥቁር ሙሉ ልብስና ሁለት ነጭ ሸሚዝ አለው፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ጨርሶ ጥብስ ይበላል፣ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። አንድ ቀን «ቤት ውስጥ የማንን ጃዝ ነው የምትሰማው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የማንንም» አለኝ። «ዳቦ ጋጋሪ ቤቱ ገብቶ ዳቦ ይጋግራል?»

ትንሽ ቆይቶ በጾም ሰሞን በገና እንደሚሰማ ነገረኝ። ሳስበው አይገርምም። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር የክላሲካል አቀናባሪውን ስትራቪንስኪን ይወድ ነበር። የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ሉዊ አርምስትሮንግ ደብዳቤ ሲጽፍ ከስሙ በላይ የሚያሰፍረው ስለ ጃዝ ሳይሆን ስለሚወደው ምግብ ነበር፤ «የእርስዎ ቀይ ባቄላና ሩዝ» እንደማለት። ቤቱም ቁጭ ብሎ ፎቶና ጋዜጣ እየቆረጠ የቴፕ ካርቶኖቹ ላይ ይለጥፍ ነበር። ሥራቸው ጃዝ ነው፣ ምሳቸው ግን ምሳ ነው።

የጋሼ ተወዳጅ ወሬ ስለ ደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነው። ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወታል። «ያኔ ጥሩ ጊዜ ነበር» ይላል እየሳቀ፣ «ብታስጠላውም ተቀምጦ ያዳምጥሃል። አሁን ሂሳብ ከፍሎ ይሄዳል።»

አሁን ያለሁት አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ነው። ከዶ ስንነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ወረቀት ላይ አምስት ድምፅ ናት። ሶል ፍላቷን ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ መርፌው መሐል ላይ እስኪቆም አስተካከልኳት። ኩራት በኩራት ሆኜ ለጋሼ ነፋሁለት። «ይሄ ፒያኖ ነው» አለኝ። መሲንቆ ተጫዋች ያቺን ድምፅ መርፌው ከሚያሳየው ቦታ ላይ አያስቀምጣትም፣ ሄደህ ስማ አለ። እና ዓመት ሙሉ መርፌ እመን ተብዬ፣ ልክ ማመን ስጀምር አትመን ተባልኩ። አሁን ማታ ማታ መሲንቆ እያዳመጥኩ ጋቢው ውስጥ ያቺን ድምፅ እፈልጋታለሁ። አንዳንዴ ትመጣለች፣ ለምን እንደመጣች አላውቅም፣ ትሄዳለች።

እማማ ጣቢያውን የጠየቁኝ እንግዲህ ይሄንኑ ሰምተው ነው። እውነቱን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልቻልኩም።

«ገና የሙከራ ሥርጭት ላይ ነው እማማ» አልኳቸው።